ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት

ኮምፒውተር ስታክ ሲያደርግ እኛ ጋ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ሪስታርት። እምቢ ካለ ፎርማት። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ምን ሆኖ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ዕድሜዬን ሰርቨር ስጠብቅ ስለኖርኩ ልማዱን አውቀዋለሁ፤ አልፈርድበትምም። ባለጉዳዩ እስከ በር ተሰልፎ "ሲስተም የለም" እየተባለ፣ ቁጭ ብሎ ምክንያት የሚያጣራ ማን አለ?

ይህን የምጽፈው ግን ጊዜ ላላችሁ ነው። ገና ለምትማሩ፣ ተመርቃችሁም ሥራ ለምትፈልጉ። "ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ላይ መሳተፍ እፈልጋለሁ፣ ግን ኮዱ ከአቅሜ በላይ ነው" የሚለኝ ልጅ ብዙ ነው። ኮዱ የትም አይሄድም፣ ትደርሱበታላችሁ። እስከዚያው ቴስት አድርጉ።

ኡቡንቱን እንውሰድ፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪልና ኦክቶበር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ ስሪት ይወጣል። 24.04 ማለት የ2024 አራተኛ ወር ማለት ነው። ከመውጣቱ በፊት በየቀኑ የሚዘጋጅ የሙከራ ስሪት አለ፤ መውጫው ሲቃረብ ደግሞ ቤታው፣ ማለትም ለመውጣት የተቃረበው የሙከራ ስሪት፣ ይመጣል። በጎ ፈቃደኛው ያን አውርዶ ፍላሽ ላይ ይጭናል፣ ኮምፒውተር ላይ ኢንስቶል ያደርጋል፣ የሆነውን ይመዘግባል። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ይሞክራል። ከዊንዶውስ ጎን ይሞክራል። ዲስኩን በይለፍ ቃል ቆልፎ ይሞክራል። ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሞክራል። ሳይሸነጋገሉ መናገር ይሻላል፦ ሥራው ይሰለቻል። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ነገር ይሠራል፣ እናንተም "ሠርቷል" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እሱም ውጤት ነው።

"የኡቡንቱ ባለቤት የሆነው ካኖኒካል ደሞዝ የሚከፍላቸው ሰዎች የሉትም ወይ? አውቶማቲክ ቴስትስ?" ትሉኝ ይሆናል። አሉት፣ አለውም። ግን 17.10 ላይ የሆነውን ስሙ። ስሪቱ ኦክቶበር 2017 ወጣ። ብዙም ሳይቆይ አንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፕ ባለቤቶች አንድ እንግዳ ነገር ገጠማቸው። ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ፕሮግራም) ውስጥ ገብተው የቀየሩት ነገር አይቀመጥም። ከፍላሽ ማስነሳትም የማይቻልበት አጋጣሚ ነበር። ችግሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አልፎ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ፎርማት ማድረግም አያድንም። ምክንያቱ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ክፍት የተተወ አንድ የኢንቴል ድራይቨር፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያዝ ኮድ፣ ነበር። ዲሴምበር ላይ ሰው እንዳያወርደው የዴስክቶፑ ማውረጃ ተነሣ፤ የተስተካከለው 17.10.1 የመጣው ጃንዋሪ 2018 ነው። እንዲህ ያለው ስህተት የሚታየው የተወሰኑ ሞዴሎች ላይ ብቻ ነው። የዓለምን ላፕቶፕ ሁሉ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ድርጅት ደግሞ የለም።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ነገር የሚመጣው። ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ላፕቶፕ፣ ባትሪው የደከመ፣ ኔትወርኩ የሚቆራረጥ፣ መብራት አፕዴት መሀል የሚጠፋበት። በዚህ ስትማረሩ ኖራችኋል። ለቴስት ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። አፕዴቱ ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሲስተሙ ተመልሶ ይነሣል? የተቋረጠውን ይጨርሳል? ወይስ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራል? መብራት የማይጠፋበት አገር የሚኖር ፕሮግራመር ይህን ለመሞከር አስቦ ሶኬት መንቀል አለበት። እናንተ ጋ ሳይጠሩት ይመጣል።

አሁን ዋናው ነገር። ስህተት ማግኘት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ መናገሩ ነው። "ዋይፋይ አይሠራም" የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። ጀርመን ያለው ፕሮግራመር ዋይፋዩን ከፍቶ ያየዋል፣ ይሠራለታል፣ ይተወዋል። ይህንን ግን እዩት፦ "ላፕቶፑ ክፍት ሳለ ዋይፋይ ይሠራል። ክዳኑን ከድኜ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስከፍተው የኔትወርኮቹ ዝርዝር ባዶ ነው። ዋይፋዩን አጥፍቼ ባበራውም አይመለስም። ሪስታርት ሳደርግ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ሆኗል። የቀድሞው ስሪት ላይ ይህ አልነበረም።" ከሥሩ የላፕቶፑ ሞዴል፣ የዋይፋይ ካርዱ ዓይነት፣ የከርነሉ ቁጥርና ሎጉ (ሲስተሙ ራሱ የሚይዘው መዝገብ)። ይህን ያነበበ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ልዩነቱ የእንግሊዝኛ ችሎታ አይደለም፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተጻፈ ግሩም ሪፖርት ብዙ አይቻለሁ። ልዩነቱ ያዩትንና የገመቱትን መለየት ነው። ፍርድ ቤት የቆመ ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። "ድራይቨሩ ተበላሽቷል" ግምት ነው። "ዝርዝሩ ባዶ ነው" ያያችሁት ነው። ግምታችሁን መጻፍ ትችላላችሁ፣ ግን ግምት መሆኑን ንገሩን። ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት ደግሞ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በኋላ አስታውሼ እጽፈዋለሁ የሚባለው ነገር አይሆንም።

ነገሩ ትንሽ ነው ብላችሁም አትናቁት። 2024 ላይ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ፣ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ አልሚም ነው፣ ለኡቡንቱ መሠረት በሆነው ደብያን በተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የፍጥነት ልኬት እየሠራ ነበር። የተጠቀመው አዳዲስ ፓኬጆች መጀመሪያ የሚገቡበትን ሲድ የተባለውን ቅርንጫፍ ነው። በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት፤ ፕሮሰሰሩም ያለወጉ ይሠራል። ግማሽ ሰከንድ! እኔና እናንተ "ኔትወርኩ ነው" ብለን እናልፈው ነበር። እሱ ግን ከሳምንታት በፊት ሌላ ቴስት ላይ ያየው ግራ የሚያጋባ መልእክት ትዝ አለው፤ ሁለቱን አገናኝቶ ተከታተለው። ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር፣ ማለትም ባዕድ ሰው በስውር የሚገባበት ኮድ፣ አገኘ። ማርች 29 ለሕዝብ አሳወቀ። ነገሩ ገና የደብያን ቋሚ ስሪት ውስጥ አልገባም ነበር። የኡቡንቱ 24.04 ቤታም በዚሁ የተነሣ አንድ ሳምንት ዘገየ። ሰውዬው ደኅንነት ፍለጋ አልወጣም፤ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነለትም እንጂ።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ያለበት ብቸኛ ላፕቶፕ ላይ የሙከራ ስሪት መጫን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አሮጌ ማሽን ፈልጉ፣ ወይም በቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተራችሁ ውስጥ በሶፍትዌር በተሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ጀምሩ። ቨርቹዋሉ ላይ የዋይፋይና የባትሪ ችግር እንደማይታይ ግን እወቁ። ፍላሽ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ቼክሰሙን (ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር) አመሳክሩ፤ በተቆራረጠ ኔትወርክ የወረደ ፋይል ብዙ ሰው የሌለ ስህተት አስጽፏል። ዳታ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ዚሲንክ የሚባለው መሣሪያ ትናንት ካወረዳችሁት የተለወጠውን ብቻ ስለሚያመጣ፣ በየቀኑ ጊጋባይት መክፈል የለባችሁም።

እናንተ ካልሞከራችሁት ማንም የማይሞክረው ነገርም አለ፤ የራሳችን ፊደል። ኢንስቶል ስታደርጉ አማርኛን ምረጡ። ፊደሉ በሳጥን ፈንታ በትክክል ይታያል? ተርሚናል ውስጥ ፊደል በፊደል ላይ ይደራረባል? ስክሪኑን ቆልፋችሁ ስትመለሱ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ የይለፍ ቃላችሁን አላስጽፍ ይላል? የፋይል ስም በአማርኛ ሰጥታችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡት፣ ሌላ ማሽን ላይ ክፈቱት። አዲስ አበባም ሁኑ ዋሺንግተን፣ ይህን የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ሪፖርታችሁ ለሳምንታት መልስ ላያገኝ ይችላል፣ አትቀየሙ። አንድ ቀን "አዲሱ ስሪት ላይ አሁንም አለ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ኡቡንቱ ላይ ተጨማሪ መረጃ ተጠይቆ 60 ቀን ዝም የተባለበት ሪፖርት ጊዜው አልፎበት ይዘጋል። ስለዚህ የተመዘገባችሁበትን ኢሜይል አልፎ አልፎ ክፈቱት፣ ያን አሮጌ ማሽንም ቶሎ አትሽጡት።