ሴራሚኩ ላይ «ቋ ቋ»፦ ስለ ውሻ ጥፍር ጥያቄና መልስ

እንስሳት ሐኪም ቤት በረዳትነት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ውሻ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው። ስለ ጥፍር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ቤት ውስጥ ሲሄድ ሴራሚኩ ላይ ቋ ቋ ይላል። ረዝሟል ማለት ነው?

ሳይሆን አይቀርም። ቀጥ ብሎ ሲቆም እዪው። ከጥፍሩ ጫፍ ሥር ወረቀት ማሾለክ ከቻልሽ ደህና ነው፤ ጥፍሩ ወለሉን ከተጫነ ግን ረዝሟል። ወለሉ ጥፍሩን፣ ጥፍሩ ደግሞ ጣቱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ውሻውም እንዳያመው አረማመዱን ይቀይራል። ያረጀ ውሻ ሴራሚክ ላይ ሲንሸራተት ሁሉም «እርጅና ነው» ይላል። ጥፍሩን ስናሳጥርለት አካሄዱ የተስተካከለ ስንቱን አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የድሮ ውሾችን ጥፍር ማን ቆረጠላቸው? ፈረንጅ ያመጣው ቅንጦት አይደለም?

ማንም አልቆረጠላቸውም፣ ልክ ነዎት ጋሼ። የሰፈር ውሻ ቀኑን ሙሉ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ሲዞር መንገዱ ይሞርድለታል። የእርስዎ ውሻ ግን ቀን በሰንሰለት ታስሮ፣ ማታ ሣር ላይ የሚያድር ከሆነ በምን ይለቅ? ደግሞ መንገድም የማይሞርደው አንድ ጥፍር አለ። የፊት እግሩን ከውስጥ በኩል ከፍ ብለው ይዳብሱት፤ እንደ አውራ ጣት የሆነው ጥፍር መሬት ስለማይነካ ዝም ብሎ ያድጋል፣ እንደ ቀለበት ይዞራል፣ መጨረሻው ሥጋ ውስጥ መግባት ነው። ፀጉራም ውሻ ላይ በዓይን አይታይም። አብዛኛው ውሻ 18 ጥፍር አለው፣ ፊት አምስት አምስት፣ ኋላ አራት አራት። ሰው ግን 16 ቆርጦ ጨረስኩ ይላል።

ጥያቄ፦ የውሻዬ ጥፍር ጥቁር ነው። የት ላይ ነው የማቆመው?

ሁሉም የሚፈራው ይሄን ነው፣ መፍራትም ይገባል። ጥፍሩ ውስጥ የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሥጋ አለ። ነጭ ጥፍር ላይ ሮዝ ሆኖ ስለሚታይ ከሱ ትንሽ ቀድሞ መቁረጥ ነው። ጥቁር ላይ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ «ቀጭ» አይደረግም። ከጫፉ 1 ሚሊሜትር ያህል ቁረጥ፣ ከዚያ የተቆረጠውን ፊት አገላብጠህ እይ። መጀመሪያ ደረቅና ነጣ ያለ ነው፣ እንደ ኖራ ብን ይላል። ሌላ ስስ ቁራጭ፣ እንደገና እይ። መሃሉ ላይ ጠቆር፣ ረጠብ ያለች ነጥብ ብቅ ስትል በቃ፣ እጅህን ሰብስብ። «ትንሽ ልጨምር» ያልክባት እሷ ናት የምታደማህ። እኔ የራሴን ውሻ መጀመሪያ ስቆርጥ ጨምሬ ወለሉን በደም አጥለቀለቅኩት። ከዚያ ወዲያ መቁረጫው ያለባት መሳቢያ ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር ነበር የሚገባው፣ ባትሪ ላወጣ ብከፍታትም።

ጥያቄ፦ ቢደማስ? እናቴ ቡና ነስንሺበት ትለኛለች።

እማማን አክብሪ፣ ቡናውን ግን ለጀበናው ተዪው። ውሻ ቁስሉን ይልሳል፣ ካፌይን ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። የበቆሎ ስታርች ወይም የስንዴ ዱቄት መዳፍሽ ላይ አድርጊና ጥፍሩን እዚያው ውስጥ ተጭነሽ ያዢው። አምስት ደቂቃ፣ በየመሃሉ ሳታዪ። 15 ደቂቃ አልፎ ካልቆመ ወደ ሐኪም። ያመዋል ብለሽ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትሰጪው፣ ከጥፍሩ የባሰ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ ዓመት ሙሉ አልተቆረጠም። ዛሬውኑ አሳጥሬ ልገላገል?

አይሆንም። ጥፍሩ ሲረዝም ሥጋውም አብሮት ረዝሟል። በየሳምንቱ ጫፍ ጫፉን ብቻ ስትነካ ሥጋው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ልኩ ላይ ሲደርስ በሦስት በአራት ሳምንት አንዴ ይበቃል።

ጥያቄ፦ መቁረጫውን ሲያይ ይናከሳል። ሦስት ሆነን ነው የምንይዘው።

ሦስት ስለሆናችሁ ነው የሚናከሰው! ለአንድ ሳምንት መቁረጫውን እርሱት። መዳፉን ነካ፣ ቁራጭ ሥጋ ጉርስ፤ ያዝ፣ ጉርስ። ቀጥሎ መቁረጫው ከጎን ተቀምጦ እንዲሁ። ከዚያ በቀን አንድ ጥፍር፤ 18 ቀን ቢፈጅስ ማን ያሳድዳችኋል? ድንገት ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አሁንም አለ፣ ውሻውም ክትባቱ እንዳያልፈው።

ጥያቄ፦ የሰው ጥፍር መቁረጫ ይሠራል? አሜሪካ ነኝ፣ በባትሪ የሚሽከረከረውን ሞረድስ?

ለትንሽ ቡችላ ይሠራል፤ የትልቅ ውሻን ግን ይጨፈልቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ሞረዱ ጥሩ ነው፣ ግን ይግላል። ሁለት ሦስት ሰከንድ አስነክቶ ማንሳት፤ የእግሩን ፀጉርም ጠቅልሎ እንዳይዝ ወደ ኋላ ሰብስበህ ያዝ።

ጥያቄ፦ አሁን ዳብሼ አየሁት። እንደ አውራ ጣት ነው ያልሽው ጥፍር ሥጋው ውስጥ ገብቷል፣ ይሸታል።

ቤት ውስጥ እንዳትነካው። ጥፍሩን መቁረጡ ቀላል ነው፤ ሥሩ ያመረቀዘው ቁስል ግን መታጠብና መድኃኒት ይፈልጋል፣ ሲነካም በጣም ስለሚያመው ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ይችላል። ዛሬውኑ ውሰደው። እስክትደርሱ እንዳይልሰው ንጹሕ ካልሲ አጥልቅለት፣ ላላ አድርገህ።