ሜሞሪ ያለው ረዳትና የኮምፒውተራችን አሰልቺ ሥራ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፕሮግራሚንግ ተምሬ አላውቅም። ግን ቻትጂፒቲንና ክሎድን የመሳሰሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶችን እያነጋገርኩ የወር መጨረሻውን የደረሰኞች ሥራ ከግማሽ ቀን ወደ ጥቂት ደቂቃ አውርጄዋለሁ። ይህን ከተናገርኩ ወዲህ ጥያቄ በዝቶብኛል። በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሜሞሪ አለው ሲባል ያወራነውን ሁሉ ያስታውሳል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሞዴሉ፣ ማለትም የረዳቱ አንጎል፣ ከእናንተ ጋር ስላወራ አይለወጥም። ስለእናንተ አጫጭር ማስታወሻ ይያዛል፤ አዲስ ቻት ስትከፍቱ ማስታወሻው ከጥያቄያችሁ ጋር አብሮ ይቀርብለታል። ቻትጂፒቲ ላይ ይህ ሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ነው። በ2025 ደግሞ ያለፉ ቻቶችንም ማጣቀስ ጀመረ። የተያዘውን ማስታወሻ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማየትም መሰረዝም ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለእኔ ሥራ ምን ይረባኛል? ኮድ እንደሆነ በፈለግኩ ጊዜ እጠይቀዋለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚያደክመው ኮዱ አይደለም። የራስህን አሠራር በየቀኑ ከዜሮ ማስረዳቱ ነው። እኔ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ እንዲህ አልኩት፦ «ይህን ያዝልኝ። የምሠራው በዊንዶውስ ነው። ስካን የተደረጉ ደረሰኞች ዲ ድራይቭ ላይ "ደረሰኝ" የሚል ፎልደር ውስጥ ናቸው። ወር የምቆጥረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ፋይል አትሰርዝ፣ ኮፒ አድርግ። ከመቀየርህ በፊት ምን እንደምትቀይር ዝርዝሩን አሳየኝ።» አሁን «ለባንክ ስቴትመንቱም እንደ ደረሰኙ አድርግልኝ» ካልኩት ይበቃዋል፤ ከፎልደሩ ጋር የሚስማማ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚያዝ አጭር ፕሮግራም፣ ይሰጠኛል። ያም ሆኖ «አትሰርዝ» የሚለውን ለሜሞሪ ብቻ አልተውም። ስክሪፕቱ ውስጥ የሚሰርዝ ትዕዛዝ መኖር አለመኖሩን ሁሌም አረጋግጣለሁ።

ጥያቄ፦ የእኔ ስክሪፕት ቀን ያዛባል። ከፈረንጁ ዓመት ላይ 8 ይቀንስና ዝም ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ 8 ይሆናል። ደግሞ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይውልም። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ሴፕቴምበር 12 ነው። የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ እንደዚያ ነበር፤ ለዚህም ነው የዚያን ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ያከበርነው። ስለዚህ ረዳቱን «ቀኑን አንተ ገምት» አትበዪው፤ የሚያሰላ ኮድ ይጻፍልሽ። ከዚያ ኮዱን በምታውቂያቸው ቀኖች ፈትኚው፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ነው። ሦስቱን ካለፈ እነዚህኑ ቀኖች «መፈተኛዬ ናቸው» ብለሽ ሜሞሪ ላይ አስይዢው።

ጥያቄ፦ ስክሪፕቱ ውስጥ ያለው አማርኛ ሲሠራ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆንብኛል።

መልስ፦ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ስክሪፕት ማስኬጃ፣ ፓወርሼል 5.1፣ ነው ችግሩ። ስክሪፕቱን በኖትፓድ ክፈተውና «ሴቭ አዝ» ላይ ኢንኮዲንጉን (ፊደሎቹ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡበትን መንገድ) «ዩቲኤፍ-8 ዊዝ ቦም» አድርገው። ስክሪፕቱ የተጻፈው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከሆነ ፋይል በሚከፈትበት መስመር ላይ ዩቲኤፍ-8 ተብሎ ይጻፍ። «ስክሪፕቶቼ ውስጥ የግዕዝ ፊደል አለ» የምትል አንዲት መስመር ሜሞሪ ላይ ካለች ሁለተኛ አትቸገርም።

ጥያቄ፦ ሜሞሪው አሳስቶህ ያውቃል?

መልስ፦ አዎ። ደረሰኞቹን ወደ አዲስ ድራይቭ አዛወርኩና መንገር ረሳሁ። ለሳምንታት በአሮጌው አድራሻ እየጻፈልኝ ቆየ፤ እኔም ባዶ ፎልደር እየቃኘሁ ስክሪፕቱ ተበላሸ ብዬ ደክሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ የሥራውን ቅደም ተከተል በአንድ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጣለሁ፦ የትኛው ፎልደር፣ ምን ስም፣ በምን ቅደም ተከተል። ትልቅ ለውጥ ሳስብ ፋይሉን ቻቱ ላይ እለጥፋለሁ። ሜሞሪ ጠባይህን ይያዝ፤ አሠራርህ ግን አንተው ዘንድ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲጠፋስ? መብራትስ?

መልስ፦ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ስክሪፕቱ ሲጻፍ ነው። አንዴ ከተጻፈ በኋላ ያለ ኔትወርክ ራሱ ይሠራል። ረዳቱ ሥራውን እንዲሠራልኝ ሳይሆን ስክሪፕት እንዲሰጠኝ የምጠይቀውም ለዚህ ነው። መብራትን በተመለከተ፣ ሥራን በቀጠሮ በሚያስጀምረው የዊንዶውስ «ታስክ ስኬጁለር» ውስጥ ሰዓቱ ያለፈበትን ሥራ ኮምፒውተሩ እንደተነሳ የሚያስጀምር ምርጫ አለ። እሱን ምልክት አድርጉበት።

ጥያቄ፦ የደንበኞች መረጃስ?

መልስ፦ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ ስም፦ አንዳቸውም ሜሞሪ ላይ አይግቡ። ለናሙና የፈጠራ ደረሰኝ ስጡት። ልብ በሉ፣ ቻትጂፒቲ ላይ ቻቱን ማጥፋት ብቻ የተቀመጠውን ማስታወሻ አያጠፋም፤ ሁለቱንም አጥፉ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ነኝ፣ ኮድ የሚባል አላውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከወረቀት ይጀምሩ። ነገ ያንን አሰልቺ ሥራ ሲሠሩ እያንዳንዱን እርምጃ ይጻፉ፦ ምን ከፈቱ፣ ምን ኮፒ አደረጉ፣ የት ለጠፉ። እሱኑ በአማርኛ ይንገሩትና «ያልገባህን ጠይቀኝ» ይበሉት። የሚጠይቅዎትን ሲመልሱ ሥራው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስክሪፕቱን መጀመሪያ በ3 ፋይል ኮፒ ላይ ይሞክሩት። ከተቸገሩ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።