«ተምረህ ጭቃ ቤት?»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ወዳጆቼ። ስለ ትንንሽና በአቅም ስለሚሠሩ ቤቶች ጻፉልኝ ባልኳችሁ መሠረት ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። ዛሬ አራቱን እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ግማሾቻችሁ የጠየቃችሁኝ እሱኑ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በማኅበር ተደራጅተን 140 ካሬ መሬት ደርሶኛል። እጄ ላይ ያለው ገንዘብ በብሎኬት ልሥራ ብል ከመሠረት አያሳልፈኝም። ባለቤቴ «ለጊዜው ሁለት ክፍል በጭቃ ሠርተን ከኪራይ እንውጣ» ትላለች። ወንድሞቼ ግን «ተምረህ ጭቃ ቤት?» ይሉኛል። ጭቃ ቤት ስንት ዓመት ይቆያል? ወይስ ገንዘብ እስካጠራቅም ልታገሥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። አይታገሡ። እርስዎ እያጠራቀሙ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ቆሞ አይጠብቅዎትም፣ ኪራዩም እንደዚያው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ እስከዛሬ ሰው የሚኖርባቸው ጭቃ ቤቶች አሉ። በአሥር ዓመት የተንጋደዱም አሉ። ልዩነቱ ጭቃው አይደለም፣ ውሃው ነው። ውሃ ከታች ከመሬት እየተሳበ ይገባል፣ ከላይ ደግሞ ጣሪያው አጭር ሲሆን ዝናቡ ግድግዳውን ይገርፈዋል። ስለዚህ ያለዎትን ገንዘብ መሠረቱና ጣሪያው ላይ ያውሉት። መሠረቱ በድንጋይ ተገንብቶ ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የባሕር ዛፉን ቋሚ እንደ ድሮው መሬት ቆፍረው አይቅበሩት፣ የሚበሰብሰውና ምስጥ የሚበላው እዚያ ጋ ነው። ድንጋዩ ላይ ይቁምና በብረት ይታሰር። ቆርቆሮው ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይበል፣ አሸንዳም አይርሱ።

አፈሩን ደግሞ ይዩት። መሬቱ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ከሆነ ይጠንቀቁ። መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የተሠራበትን ቤት ብሎኬትም ይሁን ጭቃ አብሮ ይሰነጥቀዋል። ጥቁሩን አስወጥተው በገረጋንቲ ይሙሉት። እዚህ ላይ ብር መቆጠብ የለም።

ጭቃው ሲቦካ አይቸኩሉ። የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ ደጋግሞ ተረግጦ፣ ጭዱ መበስበስ እስኪጀምር ቀናት መቆየት አለበት። ሠራተኛው «ዛሬ አቡክተን ነገ እንምረግ» ካለዎት እምቢ ይበሉ። ሥራውንም ከመስቀል በኋላ ይጀምሩት፣ በጋው ያደርቅልዎታል።

አሁን ስለ ልስን ልንገርዎት፣ ምክንያቱም ይህን የተማርኩት በእናቴ ቤት ነው። እናቴ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ግድግዳዋን በእበትና በአፈር ትለቀልቅ ነበር። ሥራ እንደያዝኩ ደስ ይበላት ብዬ በሲሚንቶ አስለሰንኩላት። ሁለት ክረምት አልቆየም። ጭቃና ሲሚንቶ እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይጠቡም፣ ስለዚህ ልስኑ ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ውሃ ገባ፣ የገባው መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ አረጠበው፣ በመጨረሻም ልስኑ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወደቀ። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው ወይ የጭቃ ልስን ነው ወይ ኖራ። ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። ደግሞ ማንም ደካማ ነው እንዳይልዎት፣ የጎንደርን ግንቦች ድንጋይ ከድንጋይ አያይዞ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን እስከዛሬ ያቆመው ኖራ ነው።

«ጭቃ» የሚለው ስም ቤተሰቡን ካስቸገረ ሌላም መንገድ አለ። ብዙ ሰው ሃይድራፎርም የሚለው፣ አፈርን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር በማሽን ጨምቆ የሚሠራ ብሎክ ነው። ሲሚንቶው ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ይበቃል፣ ሌላው የራስዎ አፈር ነው። እንደ ሸክላ ጡብ በእሳት አይተኮስም፣ ስለዚህ ማገዶም አይፈልግም። ሲሚንቶ ራሱ የሚሠራው 1,450 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ነው፤ ዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሱ ነው። ባነሰ ቁጥር ለኪስም ለአየሩም ይሻላል። አፈርዎ እንደሚሆን ለማየት ቀጥ ያለ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን በአፈር፣ ሌላውን በውሃ ይሙሉና ቆንጠር ጨው ጨምረው በደንብ ነቅንቀው ለአንድ ቀን ያስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይረጋል፣ ሸክላው ከላይ። አሸዋው ግማሽና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። የተመረተው ብሎክ በላስቲክ ተሸፍኖ ለሳምንት ውሃ ይጠጣ፣ ከዚያ 28 ቀን እስኪሞላው ግድግዳ ላይ አይውጣ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ትናንት የወጣውን ዛሬ ይገነባዋል።

ሁለቱን ክፍል ከጓሮ በኩል፣ ሰርቪስ በሚሠራበት ቦታ ይሥሩ። ፊት ለፊቱ ለዋናው ቤት ክፍት ይቆይ። አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቅደም፦ ማዘጋጃ ቤት ሄደው በዚያ ቦታ ላይ ምን ዓይነት ግንባታ እንደሚፈቀድ ይጠይቁ። አንዳንድ ቦታ ጭቃ አይፈቅዱም፣ የአፈር ብሎክ ይፈቅዳሉ። ቅዝቃዜውን አይፍሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ወፍራም የአፈር ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልስልዎታል። ያንን ብሎኬት አያደርግልዎትም።

ጥያቄ፦ ሪያድ በሰው ቤት እሠራለሁ። ለእናቴ ድሬዳዋ ላይ ቤት ልሠራላት እፈልጋለሁ። ቪዲዮ ላይ ኮንቴይነር ወደ ቤት ሲቀየር አየሁና ልቤ ሄደ። ቶሎ ያልቃል፣ ርካሽ ነው ይላሉ። ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለድሬዳዋ አልመክርሽም። ሪያድ ሠራተኞች የሚያድሩበትን ፖርታ ካቢን አይተሽ ከሆነ፣ ኤሲው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ኮንቴይነር ብረት ነው። ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ሲውል ምጣድ ይሆናል። እንዳይሞቅ ከውስጥ ሙቀት መከላከያ ልለብድበት ብትዪ ቦታው ያልቃል፤ ባለ 20 ጫማው ከውስጥ ስፋቱ 2 ሜትር ከ35 ብቻ ነው፣ ጠቅላላ 14 ካሬ አይሞላም። በርና መስኮት ሲቆረጥለት ደግሞ ጥንካሬው ስለሚቀንስ ዙሪያውን በብረት መበየድ ያስፈልጋል። የብዙዎቹ የወለል ጣውላም በመርከብ ሲጓዝ ነፍሳት እንዳይበሉት በኬሚካል የተነከረ ነው። እናትሽ እዚያ ላይ እንዲተኙ አልፈልግም።

በዚያው ገንዘብ አንድ ክፍልና ሰፊ በረንዳ ይሠራል። ግድግዳው ወፍራም፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ፊት ለፊት የሚተያዩና ነፋስ የሚያሳልፉ ይሁኑ። ድሬዳዋ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው በረንዳና ጥላ ሥር ነው፣ ለእሱ አትሰስቺ። ቦታው ጎርፍ ከሚወርድበት አሸዋ ዳር ከሆነ ግን፣ ቤቱ የፈለገ ያህል ቢያምር አትሥሪ።

ገንዘቡንም አንዴ አትላኪው። የመሠረቱን ላኪ፣ መሠረቱ ሲያልቅ ፎቶ ይላክልሽ፣ ከዚያ የግድግዳውን፣ ከዚያ የጣሪያውን። ዘመድም ቢሆን። ሌሊትና ቀን ለፍተሽ ያገኘሽው ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ቆጥ ማሠራት ፈልጌያለሁ፣ ብረት ሠሪው ግድግዳው ላይ እመታዋለሁ አለኝ።

መልስ፦ አይምታው። ክፍል የሚለየው ግድግዳ ውስጡ ባዶ ብሎኬት ነው፣ ሰው የሚተኛበትን ክብደት ተሸክሞ አይቆይም። ቆጡ በራሱ እግር ወለሉ ላይ የሚቆም የብረት አልጋ ዓይነት ይሁን፣ ግድግዳው ላይ የሚታሰረው እንዳይወዛወዝ ብቻ ነው። ከላይ ልጆቹ ይተኙ፣ ከሥሩ ጠረጴዛና ቁም ሳጥን ይግባ። መከታውን ከፍ አድርጊው፣ ልጅ በእንቅልፉ ይንከባለላል። ከምድጃው በላይም እንዳይሆን፣ ሙቀቱና ጭሱ ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ እንጅባራ ነው ቤተሰቦቼ። ጓሯችን ቀርከሃ ሞልቷል። ለአጥርና ለቅርጫት ብቻ ነው የምንጠቀምበት። ቤት ይሆናል? ነቀዙስ?

መልስ፦ እንዴት አይሆንም! ዶርዜዎች ከቀርከሃ ጠልፈው ከፍ ያለ ቤት ይሠራሉ፣ ሥሩን ምስጥ ሲበላው የተበላውን ይቆርጡና ቤቱ እያጠረ አብሯቸው ዕድሜውን ይጨርሳል። ሲያስፈልግም ተሸክመው ሌላ ቦታ ያቆሙታል። ሲዳማም የቀርከሃ ቤት አገር ነው።

ነቀዙን በተመለከተ፣ ዋናው ነገር የምትቆርጡበት ጊዜ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ለጋ ነው፣ ውስጡ ስኳር ስላለው ነቀዝ ይወደዋል። ሦስት ዓመት ያለፈውን፣ በበጋ ቁረጡ። ድሮ ቤት ውስጥ የሚነደው እሳት ጭሱ ቀርከሃውን እያጠቆረ ከነቀዝ ይጠብቀው ነበር። ዛሬ ኩሽናው ውጭ ስለሆነ ያ ጥበቃ የለም። በጭሱ ፋንታ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በውሃ በጥብጣችሁ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ይህ መድኃኒት ግን በውሃ ይታጠባል። ስለዚህ ቀርከሃው ዝናብ የማይነካው ቦታ፣ ጣሪያ ሥርና ከድንጋይ መሠረት በላይ ይሁን። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ክፍል ሠርታችሁ አንድ ክረምት እዩዋት፣ ፎቶዋንም ላኩልኝ።