«መጥተው ለምን ይቆማሉ?» የእሳት አደጋ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም ስለ እሳት አደጋ ሥራ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ደብዳቤው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ለአዲስ አንባቢ ልንገር፦ 23 ዓመት በከተማ እሳት አደጋ አገልግሎት ሠርቻለሁ። ስልክ ተቀባይ ሆኜ ጀመርኩ፣ ከዚያ መኪና ላይ ወጣሁ፣ ጡረታ የወጣሁት የፈረቃ መሪ ሆኜ ነው። ዛሬ አምስት ደብዳቤ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል። ሆን ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ ቤት ሲቃጠል እሳት አደጋ ቶሎ መጣ። መምጣቱስ መጣ። ግን አንዱ ወርዶ ቤቱን ይዞራል፣ ሁለቱ በር ላይ ተንበርክከዋል፣ አንዱ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ውሃ የሚረጭ የለም! እኛ እየጮህን እነሱ ቀስ ብለው ነበር። ይኼ ሥራ ነው?

መልስ፦ ንዴትዎ ይገባኛል። ቤት ሲነድ ለሚያይ ሰው ደቂቃዋ ሰዓት ናት። ግን ያዩዋቸው አራቱም ሰዎች ሥራ ላይ ነበሩ። አንድ በአንድ ልንገርዎ።

ቤቱን የሚዞረው የመጀመሪያው መኪና አለቃ ነው። የበላይ መኮንን እስኪደርስ ድረስ የቦታው አዛዥ እሱ ነው። አራቱንም ጎን ሳያይ ሰው ማስገባት የለበትም። ከፊት ለፊት ጭስ ብቻ የሚታይበት ቤት በጓሮ በኩል ነበልባል እየተፋ ሊሆን ይችላል። በኋላ መስኮት እጁን የሚያወዛውዝ ሰው ሊኖር ይችላል። የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ሊወድቅ የደረሰ ግድግዳ፣ ይኼን ሁሉ የሚያየው እሱ ነው። ዞሮ ሲመለስ ያየውን በሬዲዮ ይናገራል፤ ተጨማሪ መኪና ካስፈለገም ያኔ ይጠራል። እሳቱ ከገፋ ሥራውን ይከፋፍለዋል፦ ለፊት በኩል አንድ መሪ፣ ለኋላ አንድ፣ ለውሃ አንድ። አንድ ሰው በጭንቅ ሰዓት በደንብ ማዘዝ የሚችለው 5 ሰው አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ትእዛዝ ይምታታል።

በር ላይ የተንበረከኩት ሁለቱ ደግሞ ማስካቸውን እያጠበቁ፣ ቱቦው ውሃ እስኪሞላ እየጠበቁ ነበር። የተንበረከኩት ሙቀቱ ከላይ ስለሆነ ነው። ጣሪያ ሥር የተጠራቀመው ጋዝ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ፣ ሶፋው፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ በአንድ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። በሩ ሲከፈት እሳቱ አዲስ አየር ያገኛል። ስለዚህ ውሃ እጃቸው ላይ ሳይደርስ በር አይከፍቱም። ባዶ ቱቦ ይዞ በር መክፈት እሳቱን መመገብ ነው።

ውሃውም ማለቂያ አለው። አንድ የተለመደ የእሳት አደጋ መኪና የሚይዘው 2,000 ሊትር አካባቢ ነው። በደቂቃ 400 ሊትር የሚለቅ አንድ ቱቦ በ5 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው ሹፌሩ ከፓምፑ ፍንክች የማይለው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሃይድራንት (መንገድ ዳር ያለ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ) ፍለጋ የሚሮጠው። ከውጭ ጭሱ ላይ ቢረጩት ለእናንተ ደስ ይላል። እሳቱ ግን ጭሱ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ሰሌዳው ልምጣ። ልቤ ያለው እዚህ ነው።

ወደ ጭስ የሚገባ ሰው ሁሉ መተንፈሻ መሣሪያው ላይ የተንጠለጠለ መለያ አለው። ከመግባቱ በፊት ነቅሎ ለሰሌዳ ያዡ ይሰጣል። ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ስም፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት፣ የገባበት ደቂቃ። ሲሊንደሩ ሲሞላ ግፊቱ 300 ባር ነው፤ 2,000 ሊትር ገደማ አየር ማለት ነው። በጭስ ውስጥ ቱቦ የሚጎትት ሰው በደቂቃ 50 ሊትር ቢፈጅ ስሌቱ 40 ደቂቃ ይላል። ግን 40 ደቂቃ የለውም። መውጫ መንገድ አለ። መጠባበቂያ አለ። የደነገጠ ሰው ትንፋሽ አለ። 30 ደቂቃ ካገኘ ጥሩ ነው፤ በጣም ከለፋ 20ም አይሞላ። ግፊቱ ወደ 55 ባር ሲወርድ መሣሪያው ራሱ ያፏጫል። ያ ፉጨት የመውጫ ማስታወቂያ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ፉጨቱ ሲሰማ ሰውዬው ውጭ መገኘት አለበት።

ይኼን ስሌት ውስጥ ያለው ሰው አይሠራውም። ጭስ ውስጥ ሰዓት ይጠፋል፤ አሥር ደቂቃ ሦስት ይመስላል። የሚሠራለት ውጭ ያለው ሰሌዳ ያዥ ነው።

አንድ ሌሊት የአንድ መጋዘን ምድር ቤት ሲቃጠል ሰሌዳውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቡድን ሲቀየር ሰዎች እየተደነቃቀፉ ወጡ፣ ማስክ አወለቁ፣ ውሃ ጠጡ። አንዱ አለቃ «ሁሉም ወጥቷል» አለ። ሰሌዳዬን አየሁ፤ አንድ መለያ ተንጠልጥሏል። «አንድ ሰው ይቀራል» አልኩ። «በኋላ በር ወጥቶ ይሆናል» አሉኝ። «መለያው እኔ ጋ ነው፣ አልወጣም» አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከበር ውጭ ለዚሁ ብቻ ለብሰው የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ሁሌም አሉ፤ እነሱ ቱቦውን በእጃቸው እየዳበሱ ገቡ። ደረጃው ግርጌ አገኙት። ከጣሪያ የወረደ ሽቦ ሲሊንደሩን ጠልፎት ነበር፤ ሬዲዮው ከእጁ ወድቋል። ሲወጣ ግፊቱን ራሴ አነበብኩት፦ 60 ባር። መለያውን መለስኩለት። ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ያዩት ሰሌዳ ያ ነው። እባክዎ ሌላ ጊዜ ሰሌዳ ይዞ የቆመ ሰው ካዩ አያናግሩት። ንዴትዎን ለእኔ ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ እሳት አለ ብዬ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ የጥያቄ መዓት አወረደችብኝ። መኪናውን መላክ አይቀድምም?

መልስ፦ ልካዋለች። እርስዎ አድራሻውን እንደተናገሩ ጣቢያው ውስጥ ደወል ተደውሏል። የቀረውን የጠየቀችዎ መኪናው እየተነሳ ነው፤ መልስዎን ለሰዎቹ በሬዲዮ ታቀብላለች።

አድራሻ የሚቀድመው ስልክ ስለሚቋረጥ ነው። ቦታው ከታወቀ ምንም ባናውቅ እንደርሳለን። ቀጥሎ «ሰው ውስጥ አለ ወይ?» ይመጣል፣ ከዚያ «ስንተኛ ፎቅ?»፣ ከዚያ «የሚቃጠለው ምንድን ነው?»። ብዙ የከተማ አገልግሎቶች የሚከተሉት አንድ የታወቀ የአሜሪካ መስፈርት ደወል ከተሰማ በኋላ ለብሶ መኪና ላይ ለመውጣት 80 ሴኮንድ ይሰጣል፣ ለመንገዱ 4 ደቂቃ። 80 ሴኮንድ ትንሽ ትመስላለች። ስልክ ለያዘች ልጅ ግን ብዙ ናት።

ስልክ ተቀባይ ሳለሁ አንድ ሕፃን ደወለ። በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። ከክፍሉ ውጭ ጭስ አለ። «በሩን ዝጋው የኔ ጌታ» አልኩት። ዘጋው። ልብስ በበሩ ሥር እንዲወትፍ ነገርኩት፣ ከዚያ መስኮት ጋ ሄዶ መሬት ላይ እንዲቀመጥ። መኪናው እስኪደርስ ስለ ድመቱ ስንጫወት ቆየን። የተዘጋ በር እሳትና ጭስ ያዘገያል። ተራ የእንጨት በር እንኳ ብዙ ደቂቃ ይገዛልዎታል። ማታ ስትተኙ የመኝታ ክፍል በር ዝጉ፤ ከቤት ስትሸሹም ከኋላችሁ ዝጉት።

ሌላ አንባቢ ደግሞ «ለትንሽ እሳት ሦስት መኪና ምን ይሠራል?» ብለዋል። ትንሽ መሆኑን ሳናይ አናውቅም። ለምን ዓይነት ሕንፃ ስንት መኪና እንደሚሄድ አስቀድሞ ተወስኗል። የወጣን መኪና ከመንገድ መመለስ ቀላል ነው። ዘግይቶ የተጠራ መኪና ግን ያመለጠውን ደቂቃ አይመልስም።

ጥያቄ፦ እሳቱ ያልነካውን መስኮት ሰበሩ፣ ጣሪያ ቀደዱ። ከእሳቱ ይልቅ እነሱ አወደሙኝ።

መልስ፦ አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ሲቀየር 1,700 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ያ እንፋሎት ከጭሱና ከሙቀቱ ጋር መውጫ ካላገኘ ውስጥ ባሉት ሰዎች ላይ ይመለሳል። መስኮቱና ጣሪያው የሚከፈተው ለዚህ ነው። እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ ኮርኒስ የሚቀደደው ደግሞ የተደበቀ ፍም ለመፈለግ ነው። ያን ያልፈለገ ቡድን ሌሊት ተመልሶ ይጠራል፤ ያኔ የሚቀር ቤት ላይኖር ይችላል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን እውነቱን ልናገር። ሳያስፈልግ የሚሰብር አለ። መስኮት የሚሰበረው አዛዥ ሲያዝ፣ ውሃ ዝግጁ ሲሆን ነው። ያለጊዜው የተሰበረ መስኮት እሳቱን ያባብሰዋል። እንዲህ ያለውን አልከላከልለትም። አለቃውን የማናገር መብት አለዎት፤ የትኛው ለምን እንደተሰበረ ሊያስረዳዎ ይገባል።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ። እሳት አደጋ መቀጠር እፈልጋለሁ። እናቴ «ቀኑን ሙሉ ተኝተው ነው የሚውሉት፣ ሲነሱ ደግሞ ይሞታሉ» ትላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ እናትሽ ግማሹን ተሳስታለች፣ ግማሹን ግን ስጋቷ ልክ ነው።

መተኛቱን እንተወው። በብዙ ከተሞች ሥራው በሦስት ፈረቃ 24 ሰዓት ገብቶ 48 ሰዓት ማረፍ ነው። ጠዋት ስትገቢ መጀመሪያ የምታደርጊው የራስሽን መተንፈሻ መሣሪያ መፈተሽ ነው፤ ማስኩን፣ ግፊቱን፣ ፉጨቱን። ማንም አይፈትሽልሽም። ፓምፑ ይነሳል፣ መቁረጫው ይሞከራል፣ መሰላሉ ይወጣል ይወርዳል። ከዚያ ልምምድ። ከዚያ የሕንፃዎች ምርመራ፦ የአደጋ ጊዜ መውጫው ተቆልፏል? ሃይድራንቱ ፊት መኪና ቆሟል? ብዙው ጥሪም እሳት አይደለም። የመኪና ግጭት አለ፣ ሊፍት ውስጥ የተቆለፈ ሰው አለ፣ ጎርፍ አለ፣ ጉድጓድ የገባ አለ።

ጉድጓዱ ላይ ትንሽ ልቁም። ወድቆ ዝም ያለን ሰው ለማዳን ወንድሙ ይወርዳል፣ ከዚያ ጎረቤቱ። ሁሉም አይወጡም። ንጹሕ አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ግን በጣም ሊወርድ ይችላል። ዓይን አያየውም፣ አፍንጫም ላያውቀው ይችላል። መጀመሪያ የምትማሪው ነገር ሮጦ አለመውረድ ነው። አየሩ በመሣሪያ ይለካል፣ አዳኙ የራሱን መተንፈሻ አየር ይዞና በገመድ ታስሮ ይወርዳል። ሰው ከታች እያለ መታገስ ከሁሉም የሚከብደው ትምህርት ነው። እኔን 3 ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሴት መሆንሽን ጠቅሰሻል። ልብሱና መሣሪያው 20 ኪሎ ያልፋል፤ ለወንዱም ይከብደዋል። ከአሁኑ ጀምረሽ ደረጃ መውጣት ተለማመጂ፣ እግርሽንና ወገብሽን አጠንክሪ። ፈተናው ክብደቱን እንጂ ጾታሽን አይጠይቅም።

የእናትሽ ስጋት ልክ የሆነው እዚህ ላይ ነው። በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእሳት አደጋ ሠራተኛነትን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በእኛ ጊዜ የጠቆረ ልብስ ኩራት ነበር፤ ጥላሸቱን ይዘን ምግብ ቤት እንገባ ነበር። አንቺ እንዲህ እንዳታደርጊ። እሳቱ ከጠፋ በኋላም ማስክሽን አታውልቂ፣ የሚያጨሰው ፍም መርዙ አላለቀም። ልብስሽን እዚያው አጥቢው፣ ቶሎ ሻወር ውሰጂ፣ የሥራ ልብስሽን መኝታ ክፍል አታስገቢ። ጓደኞችሽ ቢስቁብሽ ይሳቁ። እናትሽን ደግሞ ጣቢያ ይዘሻት ሂጂ። ሰሌዳውን አሳያት፣ እንዴት እንደሚሠራም ንገሪያት።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ጣቢያ ባመጣቸው ይፈቀዳል?

መልስ፦ ብዙ ጣቢያዎች ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ። ቀድመው ይደውሉና ቀን ይያዙ። አንድ ሠራተኛ ሙሉ ልብሱንና ማስኩን ልጆቹ ፊት ቀስ ብሎ እንዲለብስ ይጠይቁልኝ። ጭስ ውስጥ ያንን ማስክና ያንን የትንፋሽ ድምፅ ፈርቶ ከአልጋ ሥር የሚደበቅ ልጅ አለ፤ አንዴ በብርሃን ያየው ልጅ ግን እጁን ይሰጣል። እዚያ እያላችሁ ደወል ከተደወለ ልጆቹን ወደ ግድግዳው ሰብስቡ፣ የመኪናውን በር መንገድ ልቀቁ።