ከጃፓን ከተመለስን በኋላ፦ ስለ ወዳጅነት የጠየቃችሁኝ

ለሥልጠና ወይም ለትምህርት ጃፓን ሄዳችሁ የተመለሳችሁ አንባቢያን ሰሞኑን በርከት ያለ ጥያቄ ልካችሁልኛል። እዚያ ያገኛችኋቸው ሰዎች እንዳይጠፉባችሁ ማሰባችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዮኮሃማ ለሥልጠና ሄጄ አንድ ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት አድሬ ነበር። ስንለያይ እናትየዋ አልቅሳለች። አሁን ግን መልእክት ስልክላት የምትመልስልኝ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ፣ ያውም በአንድ መስመር ነው። ረሳችኝ ማለት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አልረሳችህም። እኛ ሰላምታ መደራረብ እንወዳለን። «ደህና ነሽ? ልጆቹስ? ሥራ እንዴት ነው?» እንልና በማግስቱም እንደግመዋለን። ለእሷ ግን ይህ ሁሉ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው። በባዕድ ቋንቋ ጨዋ መልስ ለመጻፍ ስታስብ ቀኑ ይሄድባታል። በዚያ ላይ እዚያ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ላይን የተባለውን መተግበሪያ ነው፤ ዋትስአፕና ቴሌግራም ቶሎ ቶሎ ላይከፍቱ ይችላሉ። ላይን ከሌለህ ዛሬውኑ ጫን።

ሰዓቱንም አስብበት። ጃፓን በ6 ሰዓት ትቀድመናለች። አንተ እራትህን በልተህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስትጽፍ እሷ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብትልክ ግን እዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል፤ ሰው ቤቱ ገብቶ አረፍ የሚልበት ጊዜ ነው።

ዋናው ግን የምትጽፈው ነገር ነው። ጥያቄ ቀንስ፣ ወሬ ጨምር። «ዛሬ ልጄ አንደኛ ክፍል ገባች። የልጅሽ ቀይ ቦርሳ ትዝ አለኝ» ብለህ የልጅህን ፎቶ ላክላት። እዚያ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የሚገዛለት ጠንካራ የጀርባ ቦርሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አብሮት ይቆያል፤ ለወላጅ ትልቅ ነገር ነው። አይተህ እንዳስታወስከው ስታውቅ ደስ ይላታል። እንዲህ ያለ መልእክት በወር አንዴ ይበቃል፤ ብቻ አታቋርጥ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ቢጠፋም አትከፋ። የሥራውም የትምህርቱም ዓመት የሚጀምረው መጋቢት 23፣ በእነሱ ኤፕሪል 1 ነው። ዝውውሩም ቤት መቀየሩም ያኔ ይደራረባል።

ጥያቄ፦ ላስተናገዱኝ ሰዎች የወርቅ ጌጥ ልልክላቸው አስቤያለሁ። ያንስ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወርቁን ተይው፣ እህቴ። ጃፓን ውስጥ ስጦታ የተቀበለ ሰው ብድር መመለስ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የተቀበለውን ግማሽ ያህል ዋጋ ያለው ነገር ይሰጣል። ወርቅ ከላክሽ ጭንቀት ነው የላክሽባቸው።

ቡና ላኪ። እዚያ «ሞካ» እየተባለ የሚሸጠው የኢትዮጵያና የየመን ቡና ነው፤ ቡና የሚወዱ ሰዎች ይርጋጨፌንና ሐረርን በስም ያውቋቸዋል። የተቆላውን ይሁን፤ ጥሬው የዕፅዋት ቁጥጥር ይጠብቀዋል። ቋንጣ ግን በፍጹም! የሥጋ ውጤት ያለ ምርመራ ወረቀት አይገባም። ፓኬቶቹ አራት አይሁኑ፤ ቁጥሩን ከሞት ጋር ስለሚያያይዙት ብዙዎች አይወዱትም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንዴት እንደሚጠጣ በእጅሽ ጽፈሽ ብትጨምሪበት ደግሞ ከወርቁ ይበልጥባቸዋል።

ጥያቄ፦ ቶኪዮ እያለሁ ጓደኛዬን ምሳ ልጋብዛት ስል ድርሻዬን ካልከፈልኩ አለችኝ። ቤቷም ጠርታኝ አታውቅም። ንቃኝ ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም። ጓደኛሞች ሒሳብ መካፈላቸው የተለመደ ነው። ቤትም ጠባብ ስለሆነ ሰው የሚገናኘው ውጭ ነው። እንዲያውም የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ቆርጣ ከነገረችሽ ወዳሻለች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጃፓናዊ ጓደኛዬ ሊጠይቀን ይመጣል። እናቴ ማጉረሷ አይቀርም። ጥሬ ሥጋስ ይቀርብለታል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በእጅ መብላቱ አያሳስብሽ፤ ሱሺም ኦኒጊሪም የተባሉት የሩዝ ምግቦቻቸው በእጅ ይበላሉ። ስለ ጉርሻው ግን ቀድመሽ ንገሪው። በእነሱ ገበታ ላይ ምግብን ከቾፕስቲክ (ከመመገቢያ እንጨታቸው) ወደ ቾፕስቲክ መቀባበል ነውር ነው። አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንቱን የሚያነሳው እንዲያ እየተቀባበለ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሰው ምግብ ይዞ ወደ አፉ ሲመጣ ክው ሊል ይችላል። እናትሽን ጉርሻውን አሳንሰው እንዲያጎርሱት ለምኛቸው። «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ማስከተላቸው ስለማይቀር አባባሉንም አስተምሪው። ሲገባው ደስ ብሎት ይጎርሳል።

ጥሬ ሥጋ ለእነሱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኩማሞቶ የምትባለው ከተማቸው በጥሬ የፈረስ ሥጋዋ ትታወቃለች። የበሬ ጥሬ ጉበት ግን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ምግብ ቤት ውስጥ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ጥንቃቄያቸው ብዙ ነው። ለሆዱም ስለሚከብደው ክትፎውን አብስሉለት።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬ አባት አዛውንት ናቸው። በቪዲዮ ባየሁዋቸው ቁጥር «አበበ!» ይሉኛል። ምን ብዬ ልቀጥል?

መልስ፦ «ያን ቀን የት ነበሩ?» ብለህ ጠይቃቸው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገብቶ ሲያሸንፍ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ገና ሳምንታት ብቻ ነበር ያለፉት። ከጨረሰ በኋላ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያዩ ሰዎች ዛሬም ያወሩታል። ግን የእኛን ድል ብቻ አታውራ። ሦስተኛ የወጣው የአገራቸው ልጅ ኮኪቺ ቱቡራያ ነበር። ስታዲየም የገባው ሁለተኛ ሆኖ ነው፤ እዚያው በወገኖቹ ፊት አንድ እንግሊዛዊ ሯጭ ቀደመው። እ.ኤ.አ. በ1968 መጀመሪያ ላይ ቱቡራያ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። አባትየው ስሙን ካነሱት ዝም ብለህ አዳምጣቸው።

ጥያቄ፦ ኦሳካ ያለች ጓደኛዬ አባቷ ሞቱባት። ለቅሶ መድረስ አልቻልኩም።

መልስ፦ ዛሬውኑ አጭር የሐዘን መልእክት ጻፊላት። በምን እንደሞቱ አትጠይቂ። የጃንዋሪ አዲስ ዓመታቸው ሲመጣም «እንኳን አደረሰሽ» አትበያት፤ ሐዘን ያለበት ቤት በዚያ ዓመት የደስታ ካርድ አይልክም፣ አይላክለትምም። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ፣ ብርዱን እንዴት እንደያዘችው ጠይቂያት። የእነሱም ወግ እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ ጃፓንኛዬ እየጠፋብኝ ነው። አዲስ አበባ ከማን ጋር ላውራ?

መልስ፦ የጃፓን በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኢትዮጵያ እየመጡ ይሠራሉ። ከቤታቸው ርቀው ነው ያሉት፤ አማርኛ መልመድም ይፈልጋሉ። የጃይካ (የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት) ቢሮ ሄደህ የቀድሞ ሠልጣኞችን እንዴት እንደምታገኝ ጠይቅ፤ በእነሱ በኩል ከፈቃደኞቹ ጋር መተዋወቅ ይቀላል። አንድ ሰዓት አማርኛ፣ አንድ ሰዓት ጃፓንኛ ብላችሁ ተስማሙ። በሰዓቱ ተገኝ፤ አምስት ደቂቃ እንኳ የምትዘገይ ከሆነ አስቀድመህ ደውል።