ስለ ታራሚዎች ሥራ፣ ትምህርትና ኑሮ፦ ጥያቄና መልስ

በአገራችን ማረሚያ ቤቶች ዘመድ ያላቸው ሰዎች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል። ሥራ እንዲሠራ ሊገደድ ይችላል? ይከፈለዋልስ?

መልስ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 የግዳጅ ሥራን ቢከለክልም፣ በሕግ የታሰረ ሰው በእስር ላይ ሳለ እንዲሠራ የሚወሰነውን ሥራ በክልከላው ውስጥ አያካትተውም። ስለዚህ የተፈረደበት ሰው በሽመና፣ በእንጨት ሥራ፣ በብረታ ብረት ወይም በእርሻ ሊሰማራ ይችላል። ክፍያን በተመለከተ፣ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ታራሚው ለሥራው ተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያገኝ፣ ከፊሉን ለቤተሰቡ እንዲልክና ከፊሉም ሲፈታ እንዲሰጠው ተቀማጭ እንዲሆንለት ይጠይቃሉ። እኔ ይህን ተቀማጭ ከሁሉም አስበልጬ አየዋለሁ፤ ባዶ ኪሱን የሚወጣ ሰው የተማረውን ሙያ የሚጀምርበት መሣሪያ እንኳ መግዛት አይችልምና።

ጥያቄ፦ ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት የተያዘ እስረኛስ?

መልስ፦ እነዚሁ ደንቦች የመሥራት ዕድል እንዲሰጠው ይላሉ እንጂ አያስገድዱትም።

ጥያቄ፦ እህቴ የታሰረችው አሥረኛ ክፍል እየተማረች ነው። መቀጠል ትችላለች?

መልስ፦ የቀለም ትምህርት የሚሰጥባቸው ማረሚያ ቤቶች ስላሉ በመጀመሪያ መመዝገብ እንደምትፈልግ ለማረሚያ ቤቱ የትምህርት ክፍል ታመልክት። እናንተ ደግሞ ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ የክፍል ውጤቷንና መሸኛዋን አውጥታችሁ ዋናውን በእጃችሁ አስቀሩ፣ ቅጂውን አስገቡላት። ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ከተዛወረች ውጤቷ አብሯት እንዲሄድ ወዲያውኑ ጠይቁ፤ አንድ ወረቀት ወደ ኋላ በመቅረቱ ዓመቱን የሚደግም ተማሪ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ስንቅ ስናመጣ ምን እንጠብቅ?

መልስ፦ በር ላይ ምግቡ ይፈተሻል፣ አምጪውም እንዲቀምስ ሊጠየቅ ይችላል፤ ስለዚህ እንጀራውንና ወጡን በቀላሉ በሚከፈት ዕቃ ለያይታችሁ ያዙ። የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ ታሳሪውን እንዲጎበኙት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ደንግጓል። ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣና ጠያቂ የሌለው ታራሚ የሚያድረው በማረሚያ ቤቱ ራሽን ብቻ ስለሆነ፣ አቅሙ ያላችሁ ትንሽ ጨምራችሁ ብትቋጥሩ ወንድማችሁ አብሮት ለሚበላ ሰው ያካፍላል።

ጥያቄ፦ መማርና መሥራት አመክሮ ያሰጣል?

መልስ፦ ብቻውን አያሰጥም። አመክሮ ማለት የቅጣቱ ጊዜ ሳያልቅ በቅድመ ሁኔታ መፈታት ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አመክሮ እንዲጠየቅ የቅጣቱ ሁለት ሦስተኛ፣ በዕድሜ ልክ እስራት ደግሞ 20 ዓመት መፈጸም እንዳለበት ይደነግጋል። ለሰባት ዓመት ፍርደኛ ይህ አራት ዓመት ከስምንት ወር ማለት ነው። ውሳኔው የፍርድ ቤት ሲሆን፣ ማረሚያ ቤቱ ሐሳብ ሲያቀርብ ወይም ታራሚው ራሱ ሲያመለክት ይታያል። በሥራና በጠባይ መታረሙ የሚመዘነው በዚህ ጊዜ ነው፤ የትምህርትና የሙያ ማስረጃዎቹም ያን ለማስረዳት ይጠቅሙታል። በተጨማሪም ሕጉ ታራሚው በተቻለው መጠን የበደለውን ሰው እንዲክስ ስለሚጠይቅ፣ የካሳውን ነገር በሽማግሌ ከጨረሳችሁ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ ከማመልከቻው ጋር አያይዙ።