ስለ ጣሊያን የእጅ ሥራ ፍሬም ለጠየቃችሁኝ

በልክ ስለሚሠሩ የጣሊያን የኮርስ ብስክሌት ፍሬሞች የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ ስም ሳልጠራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፍሬሙ የጣሊያን ከሆነ ማርሹም የግድ የጣሊያኑ ካምፓኞሎ መሆን አለበት?

የለበትም። ሺማኖም ስራምም ይገጠማል። ምርጫህን ግን ፍሬሙ ከመሠራቱ በፊት ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ የጻፈችልኝ አንባቢ ቁመቷ 1.58 ሜትር ነው። ከሱቅ የገዛችው ብስክሌት ላይ ቀስ ብላ ስትታጠፍ የጫማዋ ጫፍ የፊት ጎማውን ይነካል። መሪው ላይ ለመድረስ ስትንጠራራም ትከሻዋ ይዝላል። «ሻጩ ትለምጂዋለሽ አለኝ። በልኬ ባሠራ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?»

ላንቺ ያወጣል። ሻጩ ያለሽን እርሺው፤ ሰውነትሽ ላይ ምንም ችግር የለም።

ፋብሪካ ለአንድ ሞዴል የሚያወጣው ጥቂት መጠኖችን ነው። ትንሹ ፍሬም ላይም ቢሆን ጎማው ብዙ ጊዜ ያው 700 የሚባለው የተለመደ መጠን ነው። ፍሬሙ ሲያጥር ጎማው አያጥርም፣ ስለዚህ ወደ እግርሽ ይጠጋል። አንዳንድ ፋብሪካ የኮርቻውን ቱቦ ቀጥ አድርጎ በማቆም የላይኛው ቱቦ በወረቀት ላይ አጭር እንዲመስል ያደርጋል። አንቺ ግን ኮርቻሽን ወደ ትክክለኛው ቦታው ወደ ኋላ ስትመልሺው መሪው እንደገና ይርቅሻል።

በእጅ የሚሠራ ባለሙያ ጎማው ከእግርሽ እንዲርቅ የመሪውን ቱቦ ማዕዘንና የፎርኩን (የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ) ቅርጽ አንድ ላይ ማስተካከል ይችላል። አነስ ያለ ጎማ ላይ እንዲሠራልሽም መጠየቅ ትችያለሽ፤ 650 ቢ የሚባለው፣ ከ700 አነስ የሚለው መጠን ለአንቺ ቁመት ጥሩ ነው። ፔዳሉን የሚይዘውን ክራንክም 165 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያጠረ አድርጊው። እግርሽ ከጎማው ትንሽ ይርቃል፣ ጉልበትሽም ያርፋል።

በልክ የማሠራት ጥቅሙ ይኸው ነው። የቤልጂጉን ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1969 ፈረንሳይ ውስጥ ብሏ ከተማ ክፉኛ ወድቆ ዳሌው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ስላልለቀቀው ኮርቻውን ዝቅ፣ ከፍ ሲያደርግ ኖረ፤ ውድድር መሀል እንኳ መፍቻ ይዞ ይጋልብ ነበር። በ1970ዎቹ ፍሬም ይሠራለት የነበረው ሚላን አጠገብ ያለው ኡጎ ዴ ሮዛ የዚህን ሰው ሚሊ ሜትር እየተከተለ ነው የሠራው። የዓለም ሻምፒዮኑ ያን ያህል ከተጨነቀ አንቺ «ትለምጂዋለሽ» ተብለሽ የምትሸኚበት ምክንያት የለም።

ሠሪ ከመምረጥሽ በፊት የብስክሌት ልክ የሚያወጣ ባለሙያ ጋ ሂጂ። በሚስተካከል ብስክሌት ላይ ተቀምጠሽ ይለካሽ። የውስጥ እግርሽ፣ የጭንሽ፣ የወገብ በላይሽ፣ የክንድሽ ልክ ይያዝ። ጎንበስ ስትይ እስከ የት እንደምትደርሺ፣ የቆየ ጉዳት ካለሽም እሱ ይጻፍ። ስትጋልቢ ከጎን የተነሳ ቪዲዮ ጨምረሽ ለሠሪው ላኪለት። ከቁመትሽና ከቀለም ምርጫሽ ሌላ ምንም የማይጠይቅ ሠሪ ካጋጠመሽ ቀብድ አትክፈዪው። የሚጠይቅሽ ከሆነም ቱቦው ከመቆረጡ በፊት ንድፉን አሳየኝ በዪው፤ የእግርና የጎማውን ርቀት እዚያው ላይ በቁጥር እንዲያስቀምጥልሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ፦ «የኮልናጎ ብስክሌት ሁሉ ጣሊያን ውስጥ ነው የሚሠራው?»

አይደለም። ሲ68ን የመሳሰሉት የሲ ሞዴሎች ጣሊያን ይሠራሉ፤ የስሎቬኒያው ሻምፒዮን ፖጋቻር ሲወዳደርባቸው የምታያቸው የቪ ሞዴሎች ፍሬም ግን ከእስያ ነው የሚመጣው። ኩባንያውም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብላጫው ድርሻ የአቡ ዳቢ ባለሀብቶች ነው። ጥሩ ብስክሌቶች ናቸው። ግን በእጅ፣ በልክህ የተሠራ ከፈለግህ የምትጠይቀው «ማን በየደው? የት?» ብለህ ነው።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት፦ 50 ኪሎ ሜትር ከጋለቡ በኋላ ትንሿ ጣትና ቀጥላ ያለችው ይደነዝዛሉ፤ አሁን አሁን ማታም አይለቃቸውም። አዲስ ፍሬም ቢያሠሩ ይሻልዎት እንደሆነ ይጠይቃሉ።

እባክዎ ገና አይዘዙ። መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። በትንሿ ጣት በኩል በእጅ አንጓ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ መዳፍ መሪው ላይ ለረጅም ሰዓት ሲጫን ይታፈናል። ከብስክሌት ወርደውም የማይለቅዎት ከሆነ ጉዳዩ ከፍሬም አልፏል። ዕቃ መጨበጥ ካቃተዎት ወይም የእጅዎ ሥጋ እየሳሳ ከመጣ ደግሞ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ፍሬም ሠሪ ሐኪም አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። ሐኪሙ ካየዎት በኋላ ልክ ያስወጡ፤ ያኔ ምናልባት መሪውን ከፍ ማድረግ ብቻ ይበቃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ብረት፣ ቲታኒየም ወይስ ካርቦን?

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታሠራ ከሆነ ብረት እላለሁ። ሚላን ላይ እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው ኮሎምቡስ የሚያወጣቸው ቱቦዎች ጫፋቸው ወፈር፣ መሀላቸው ሳሳ ያለ ነው። ስፒሪት የሚባለው ጫፉ 0.5፣ መሀሉ 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ሳያቃጥሉ መበየድ የእጅ ጥበብ ይጠይቃል። ክብደቱ ከካርቦን ይበልጣል፤ ቀላል ካርቦን ፍሬም ከአንድ ኪሎ በታች ነው፣ ብረቱ ግን ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። በምትኩ አንድ ቱቦ ቢጎዳ ተቆርጦ ሌላ ይገባለታል። በካርቦን በልክህ የሚሠራ ካልክ ቬኒስ አካባቢ ሳርቶ አለ። ቲታኒየም ከሆነ ፓሶኒ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፦ አሮጌ የጣሊያን ፍሬም አለው፤ መካኒኩ የፔዳሉን መዞሪያ ከታች መፍታት አቅቶት መዶሻ ሊያነሳ ነው።

መዶሻውን አስቀምጡ! የድሮ ጣሊያን ፍሬም በሁለቱም በኩል ጥርሱ ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቀው። የካቴናው ጎን ወደ ግራ የሚጠብቅበትን የእንግሊዙን ዓይነት የለመደ መካኒክ የካቴናውን ጎን በተቃራኒው እያዞረ ይበልጥ ያጠብቀዋል። በሁለቱም በኩል ወደ ግራ ፍቱት። አዲስ የምታሠራ ከሆነ የእንግሊዙን ጥርስ ጠይቅ፤ የጣሊያኑ በካቴናው በኩል ራሱን መፍታት ይወዳል።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ቀለም ልምረጥ?

የወደድሽውን። እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፈው ፍሬም ሠሪ ዳሪዮ ፔጎሬቲ ግን ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ለእሱ የሚተዉለት ደንበኞች ነበሩት፤ ቬሮና ያለው ወርክሾፑ ዛሬም ይሠራል። ሠሪሽን ካመንሽው ሞክሪው።

ጥያቄ፦ ፍሬሙን አዲስ አበባ ባስገባ ቀረጡ ስንት ነው?

ጉምሩክን ጠይቅ። ደረሰኙንም አትጣል።